«አባትህ ፓርኪንሰን ካለበት አንተም አይቀርልህም» ለሚሉኝ

አባባ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ አለበት። እጁ የሚንቀጠቀጠው ጭኑ ላይ ሲያርፍ ነው። ሲኒውን ሲያነሳ ይረጋጋል። ባለፈው ታናሽ ወንድሜ ቡና እየጠጣን ትኩር ብሎ ሲያየው ቆየና «የኔም ዕጣ ይሄው ነው» አለኝ።

«ከአባት ለልጅ ይወርዳል» የሚባለው ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከታማሚዎቹ መሃል በቤተሰቡ ሌላ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው የሚገኘው ከመቶ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው።

«ጂኑ ከተገኘብህ አለቀልህ» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያሳጣ ነው። ከጉግል መሥራቾች አንዱ የሆነው ሰርጌይ ብሪን እናቱ ፓርኪንሰን ነበረባቸው፤ እሱም ኤልአርአርኬ2 በሚባለው ጂን ላይ ያለውን ለውጥ እንደወረሰ በ2008 ራሱ በይፋ ጽፏል። ይህ ለውጥ ካለባቸው ሰዎች እስከ 80 ዓመታቸው የሚታመሙት ስንት ናቸው ካላችሁ፣ የጥናቶቹ ቁጥር በጣም ይራራቃል፤ አንዱ ከአራት አንድ ሲል ሌላው ከአራት ሦስት ይላል። ለውጡ ያለበት ሁሉ ግን አይታመምም።

«ቤታችን ማንም የለበትም፣ ስለዚህ ከዘር አይደለም» የሚሉም አሉ። ፓርኪን የሚባለው ጂን ይህን ያፈርሰዋል። በሽታው የሚመጣው የተበላሸ ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ወላጆቹ አንድ አንድ ብቻ ስለያዙ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፣ ልጃቸው ግን ገና በጉልምስናው ሊታመም ይችላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ምራቃቸውን በፖስታ ልከው «የለብህም» ሲባሉ ፌሽታ ነው። ምራቁን የሚመረምረው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ ለፓርኪንሰን የሚያየው ሁለት ለውጦችን ብቻ ነው፣ ከኤልአርአርኬ2 አንድ፣ ጂቢኤ1 ከሚባለው ሌላ ጂን አንድ። በዚያ ላይ በዘርፉ ለዓመታት የተጠናው በአብዛኛው አውሮፓዊ ደም ነው። በ2023 የናይጄሪያ ሐኪሞች የተሳተፉበት ጥናት በዚሁ ጂቢኤ1 ላይ በአውሮፓውያን ዘንድ የለም ሊባል የሚችል ሌላ ለውጥ አገኘ፤ አንድ ቅጂ የያዘ ሰው አደጋው 1.5 እጥፍ ገደማ፣ ሁለት የያዘ 3.5 እጥፍ ገደማ ነው። ታዲያ ያንን ያላየ ምርመራ ምኑን ነፃ አወጣህ?

ወንድሜን ያስፈራው ግን ጂን አልነበረም። የሱም እጅ ይንቀጠቀጣል። ነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄደ። የሱ እጅ የሚርደው ሲኒ ሲያነሳና ሲፈርም ነው፣ ሲያርፍ ዝም ይላል፤ የአባባ ተቃራኒ። ሐኪሙ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው አለው። እሱም በዘር ይሄዳል፣ ፓርኪንሰን ግን አይደለም።