ከኮምፒውተሩ ጋር ጣሪያ መምረጥ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገላን ወይም ለገጣፎ አካባቢ ቱቦላሬ ሲቆረጥና ሲበየድ ማየት የተለመደ ነው። ለአንድ መጋዘን የሚሆን የጣሪያ ትራስ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው የዘንጎች ፍሬም፣ በሺህ ዓይነት ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። ከነዚያ መሃል የተሻለውን በኮምፒውተር መፈለግ የስትራክቸር ኦፕቲማይዜሽን ይባላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1904 በትንሽ ማቴሪያል ብዙ የሚሸከም ፍሬም ምን መምሰል እንዳለበት በሒሳብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ቤንድሶና ኪኩቺ ማቴሪያሉ የት ይቅር፣ የት ይነሳ የሚለውን ኮምፒውተር የሚያሰላበትን መንገድ አቀረቡ።

ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ክብደት ቀንስ ካሉት ይቀንሳል። አንዱን ዘንግ 3.1 ሜትር ቢያደርገው እሱ ምን ቸገረው? ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። ከአንዱ የሚወጣው አንድ ዘንግ ብቻ ይሆናል፣ 2.9 ሜትሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ግቢ ውስጥ ይቀራል። 3 ሜትር ቢሆን ኖሮ፣ የመጋዙን ብናኝ ሳንቆጥር፣ ሁለት ይወጣው ነበር። ስሌቱ ላይ የቀለለው ጣሪያ ኪስ ላይ ይከብዳል።

የቱቦላሬው ርዝመት እንኳ በቁጥር ይጻፋል። «ይሄ ዓይኔን አልሞላውም» የሚለውን ግን በምን ቀመር ያስገቡታል? ተመራማሪዎቹ ሙለርና ኦክሰንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አለው። ኮምፒውተሩ በርከት ያሉ ትራሶችን ከነውጤታቸው ያሳያል። ፊቱ የተቀመጠው ሰው ደስ ያሉትን ይመርጣል። የተመረጡት እንደ ወላጅ ተዳቅለው፣ ትንሽም ተለዋውጠው፣ አዲስ ትውልድ ይወልዳሉ። ቀጣዩ ትውልድ ምን ያህል ይለይ የሚለውንም የሚወስነው ሰውየው ነው። ስለዚህ በክብደት ትንሽ የሚበልጥ፣ ለዓይንና ለሥራ ግን የሚመች ቅርጽ ከጨዋታ አይወጣም።

ችግሩ ሰው ይደክማል። ሃያኛው ዙር ላይ ዓይኑ ይፈዛል፣ ምርጫውም ይዘበራረቃል። መፍትሔው ጥያቄውን ማሳጠር ነው፦ ሁለት ሁለት እያሳዩ «የቱ ይሻላል?» ማለት፣ ቀሪውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ከመልሶቹ እየተማረ እንዲገምት መተው።

መራጩ ማን ይሁን? ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ንድፍ አውጪው ነው። እኔ ግን በያጁም አብሮ መቀመጥ አለበት እላለሁ። ሁለት ዘንጎች ከ30 ዲግሪ በጠበበ ማዕዘን ሲገናኙ ኤሌክትሮዱ ጥጉ ድረስ አይገባም። እስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ያምራሉ። እሱ ግን ገና ሲያያቸው «ይሄን በየት ገብቼ ልበይደው?» ይላል።