ሥልጣንና ውለታ በሲሚን ዳነሽቫር «ሳቩሹን»

ሲሚን ዳነሽቫር በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ሳቩሹን» ኢራናዊት ሴት በፋርስኛ ካሳተመቻቸው ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ደራሲዋ የሺራዝ ተወላጅና የቴህራን ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች፤ ታሪኩም የሚፈጸመው በዚያው በሺራዝ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር አካባቢውን በያዘበትና እህል በጠፋበት ዘመን ነው።

የልብ ወለዱ ታላቅነት የአገሩን ፖለቲካ በዘመድና በጎረቤት መካከል በሚደረግ ስጦታ፣ ውሰትና ውለታ ማሳየቱ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሕዝቡ እየተራበ ለአገረ ገዢው ልጅ ሠርግ እጅግ ግዙፍ ዳቦ ተጋግሮ ይቀርባል። ባለታሪኳ ዘሪም ባሏ ዩሱፍ በሠርጋቸው ሌሊት የሰጣትን፣ የእናቱ መታሰቢያ የሆነውን የመረግድ ጉትቻ ለሙሽራዋ እንድታውስ ትጠየቃለች። ጠያቂው የገዢው ቤት ነውና እምቢ ማለት አይቻላትም፤ ጉትቻውም በተባለው ቀን አይመለስም። ቀጥሎ የልጇ የኾስሮ ፈረስ ለገዢው ትንሽ ልጅ ይፈለጋል። አሁን የሚያግባባት የፓርላማ ወንበር የሚመኘው የባሏ ወንድም አቡልቃሲም ኻን ሲሆን፣ የወንድሙን ቤት ንብረት ለራሱ እጅ መንሻ ያደርገዋል። ዘሪ ፈረሱን ሰጥታ ልጇን «ሞተ» ብላ ትዋሸዋለች፤ እውነቱ ሲወጣ ዩሱፍ በጥፊ ይመታታል። ይህ ትዕይንት ከቶ ሊታለፍ አይገባም፤ ለባዕድ ጦር እህሉን አልሸጥም ያለው ኩሩ ባለርስት በገዛ ቤቱ እጁን የሚያነሣ ባል መሆኑን ደራሲዋ ሳትሸሽግ አሳይታለችና።

ዘሪ ስለት ስላለባት ለእስረኞችና ለአእምሮ ሕሙማን ምግብ ታደርሳለች። ባለጸጋዋ እዘት ኡድ ዶውሌ ይህንኑ የእስር ቤት ጉብኝት ለራሷ ጉዳይ መጠቀሚያ ልታደርገው ስትሞክር ግን በግልጽ እምቢ ትላታለች።

ዩሱፍ የተቀረጸው በደራሲዋ ባል፣ በጸሐፊው ጀላል አሌ-አሕመድ አምሳል ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጀላል መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ማረፉም ግምቱን ሳያጠናክረው አልቀረም። የዘሪን ዝምታ ፍርሃት ብቻ አድርጎ ማንበብ ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ በዚያ ክፉ ዘመን ቤቱን ያቆመው የእሷ ትዕግሥት ነው። ዩሱፍ ተገድሎ ቀብሩ ከመንግሥት ኃይል ጋር ግጭት ሲያስነሣ፣ ልጆቿን በሰላም ማሳደግ ብቻ ትመኝ የነበረችው እናት ለኾስሮ ጠመንጃ ለማስያዝ ትወስናለች። አንዳንድ ሐያስያን ድፍረቷ አሁንም በባልና በልጅ በኩል ያልፋል ይላሉ፤ ይሁን እንጂ የባሏ ሐዘን በአደባባይ እንዲወጣ ከወንድሙ ፈቃድ ውጭ የቆመችው ራሷ ዘሪ ናት።