አሸዋ በቤት ዓሣ ገንዳ፦ የወሎን አሸዋ ለመጠቀም

በመስታወት የዓሣ ገንዳ ወለል ላይ ጠጠር የሚያነጥፍ አለ። ባዶውን የሚተውም አለ። ወሎ ውስጥ ግን ለእጅ የሚቀርበው አሸዋ ነው። ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን የሚያቋርጠው ቦርከናም፣ ሚሌም አሸዋ ያወርዳሉ። የአካባቢው ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ስለሆነ አሸዋው ወደ ጥቁርና ግራጫ ያደላል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ቀይና ወርቃማ ዓሣ በጥቁር ወለል ላይ ይደምቃል።

አሸዋ ለዓሣው ባዳ አይደለም። የሐይቁ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወንዱ ሊራባ ሲል ወለሉን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ቆሮሶ በጣም ስለሚያድግ ለሳሎን አይሆንም። ኮሪዶራስ የምትባለዋን ትንሽ ዓሣ ግን ቁጭ ብላችሁ እዩዋት። አፍንጫዋን አሸዋው ውስጥ ትቀብራለች። በአፏ ትዘግናለች። የሚበላውን አስቀርታ ቀሪውን በስንጥቧ ታፈሰዋለች። ሹል ጠጠር ላይ ጢሟ ይቆሳስላል፤ ለእሷ ስል አሸዋን እመርጣለሁ።

ዋናው ጉዳይ ምርጫው ነው። ከከተማ በታች፣ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ወንዝ አሸዋ አትውሰዱ። ለግንባታ ከሚሸጠው ንጹሑን መርጦ በወንፊት መንፋት ይሻላል። ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ቅንጣት ጥሩ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመው ይጠቀጠቃል። ከደረቀው ጥቂት ዘግናችሁ አቼቶ አፍስሱበት። ከተንጨረጨረ ኖራ አለበት ማለት ነው። የውሃውን ጨዋማነት ሳይሆን ክብደቱን፣ ማለትም የኖራ ይዘቱን ከፍ ስለሚያደርግ ለብዙ ዓሣዎች አይመችም።

ከዚያ እጥበት። ባልዲውን እስከ ሲሶው አሸዋ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በእጅ አማስሉ፣ ድፍርሱን ድፉ። የመጀመሪያው ውሃ የቡና አተላ ይመስላል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ቢደጋገም አይግረማችሁ፣ አብሽሩ። ኦሞም ሆነ ሌላ ሳሙና በፍጹም አይነካውም። ድፍርሱን ለጓሮ ጎመን ማጠጣት ይቻላል።

ለ60 በ30 ሴንቲ ሜትር ገንዳ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለማንጠፍ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ይበቃል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አታሳልፉት። ሥሩ አየር ያጣል፣ ይጠቁራል፣ ሲነካ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በሳምንት አንዴ በጣት ቀስ ብሎ ማላወስ ይጠቅማል። ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡና በሳህኑ ላይ አፍስሱ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ለሞቃት አገር ዓሣ ማሞቂያ የግድ ነው። ማሞቂያው ግን አሸዋ ውስጥ አይቀበር፤ ከልክ በላይ ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። የማጣሪያው ውሃ መሳቢያ አፍም ከወለሉ ራቅ ይበል፣ ቅንጣት ከገባበት ሞተሩን ይበላዋል። መስታወቱን በማግኔት የሚያጸዳ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያድርግ። ጥቁር አሸዋ ብረት ስላለበት ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል፣ መስታወቱንም ይጭራል።

ጠጠር ውስጥ ቆሻሻው ይሰርጋል፤ አሸዋ ላይ ግን ከላይ ይቀመጣል። ቀጭኑን ጎማ ከአሸዋው አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ይዞ ውሃውን ወደ ባልዲ መሳብ ነው። አብሮ የተሳበ አሸዋ ባልዲው ሥር ይዘቅጣል። አጥቦ መመለስ ነው።