ኢትዮሳት ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ጣሪያ ጣሪያውን ብታዩ ብዙዎቹ ዲሾች ፊታቸውን አዙረዋል። ድሮ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያዩት፤ የግብፁን ሳተላይት ናይልሳትን። አሁን ወደ ምሥራቅ ዞረው ሽቅብ አንጋጠዋል። ኢትዮሳት ይዘው ነው።

ስሙ ግን ያደናግራል። ኢትዮሳት የሚባል ሳተላይት ሰማይ ላይ የለም። ኢትዮሳት የአገራችን ቻናሎች በአንድ ላይ የሚተላለፉበት የሥርጭት አገልግሎት ነው። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ-12 ይባላል። ባለቤቱ ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው፤ ወደ ሰማይ የወጣውም በጥቅምት 2002 ዓ.ም.።

ሳተላይቱ ፕሮግራም አያዘጋጅም። የገደል ማሚቶ በሉት። ከምድር የተላከለትን ይቀበላል፣ ፍሪኩዌንሲውን ቀይሮ ያጎላዋል፣ መልሶ ይለቀዋል። ያለው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። እየበረረ ነው፤ ግን ምድርን የሚዞረው ምድር በራሷ ዛቢያ በምትሽከረከርበት ፍጥነት ልክ ስለሆነ፣ ከእኛ ጣሪያ ሲታይ ንቅንቅ አይልም። ዲሽ አንዴ በደንብ ከታሰረ የማይነካውም ለዚህ ነው።

ናይልሳት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲታይ ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ኤንኤስኤስ-12 ግን 67 ዲግሪ ገደማ፤ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱንም የፈለገ ሁለት ዲሽ ይሰቅላል።

ይህ ልዩነት ደብረ ሲና ላለችው አክስቴ ትልቅ ነገር ነበር። ገደሉም የጎረቤት ባሕር ዛፍም ያሉት ከቤቷ በስተምዕራብ ነው። ዛፉ ባደገ ቁጥር ናይልሳት ይጠፋ ነበር። ዲሹ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ወዲህ ከጎረቤት ጋር ሰላም ነው።

አሁን የምትወቅሰው የጣርማ በርን ጉም ነው። ጉሙ ግን ንጹሕ ነው። ጠብታው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሲግናሉ አልፎት ይመጣል። ጥፋተኛው የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ነው። ወፍራሙ የዝናብ ጠብታ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ይበትነዋል። በድሮው አንቴና ምስሉ ነጠብጣብ ሞልቶትም ቢሆን ይታይ ነበር። ዲጂታል ላይ መሃል ቤት የለም፤ ምስሉ ይቆራረሳል፣ ከዚያ «ሲግናል የለም» ይላል። በዶፍ መሃል ዲሽ ለመነካካት ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አይገባኝም።

ሌላም አለ። በመስቀል ሰሞን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። የእሷ ጨረር ደካማውን ሲግናል ስለሚጋርደው ለጥቂት ደቂቃ ሥርጭቱ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ለተወሰኑ ቀናትም ይደጋገማል። ዲሽ ሠሪ አትጥሩ። ቡናው ሳይፈላ ይመለሳል።