ከብርሃን የፈጠነ የሚመስለው ጄት

በደሴው የሥነ ፈለክ ቡድናችን «ከብርሃን የሚፈጥን ጄት አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሣ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ሀብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 ኤም87 ከተባለው ጋላክሲ እምብርት የሚወረወረውን ጄት (ቀጭን የቁስ ፍንጣቂ) ሲከታተል፣ አንዳንድ ብሩህ ቋጠሮዎች ከብርሃን 6 እጥፍ የሚፈጥኑ መስለው ታዩ። ታዲያ ከብርሃን የሚፈጥን ቁስ የለም የሚለው የአንስታይን ሕግ ፈረሰ? አልፈረሰም።

ወደ መንገዳችን እናምጣው። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ባለፈረስ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ ይመጣል፤ መልእክተኞቹ ደግሞ በሰዓት 10 ይሮጣሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሣ የላከው 3 ሰዓት ላይ ይደርሰናል። 2 ሰዓት ላይ፣ 18 ኪሎ ሜትር ከመጣ በኋላ፣ ሌላ ይልካል፤ እሱም 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ይደርሳል። ወሬው በደረሰበት ሰዓት ብቻ ከቆጠርን ፈረሱ 18 ኪሎ ሜትሩን በ12 ደቂቃ የበረረ ይመስለናል። ፈረሱ ግን ያው ነው፤ ያጠረው በሁለቱ ወሬዎች መካከል ያለው ጊዜ ነው።

ጄቱም የራሱን ብርሃን እግር በእግር እየተከተለ፣ ከእኛ አቅጣጫ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይመጣል። የምናየው የጎን እንቅስቃሴውን ብቻ ቢሆንም፣ ላጠረው ጊዜ ሲካፈል ከብርሃን ይበልጣል።

እርግጡ ይህ ነው፦ 6 እጥፍ ለመምሰል እውነተኛው ፍጥነት ቢያንስ የብርሃን 98.6 በመቶ መሆን አለበት፤ ብርሃንን ግን አይደርስበትም። ከጄት ጄት የሚለያየው ትክክለኛው ፍጥነትና ዝንባሌው ነው። አንዱን የሚታይ ፍጥነት ብዙ የፍጥነትና የዝንባሌ ጥንዶች ሊሰጡት ይችላሉና፣ ተመራማሪዎች ብዙ ጄቶችን በአንድነት በሞዴል የሚያጠኑት ለዚህ ነው። ወደ እኛ የዞረው ጄት ደምቆ ስለሚታይ ይህን የድምቀት ልዩነትም በስሌቱ ያስገባሉ።