220 ጣሪያ አይደለም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው። ደንበኛው ቮልት መለኪያውን ቴስተር ሶኬት ውስጥ ሰክቶ «ይኸው 220 ቮልት፤ ከዚህ አይበልጥም» ይለኛል። ደንበኛስ ይሁን። በሙያው ተመርቆ የወጣ ልጅ ሲለው ነው የሚያንገበግበኝ።

የሶኬታችን ኤሌክትሪክ ከዜሮ ተነስቶ 311 ቮልት ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ አቅጣጫ ቀይሮ ደግሞ በዚያኛው በኩል 311 ይደርሳል። በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲህ ይመላለሳል። ስንት ጊዜውን ከ220 በላይ ሆኖ የሚያሳልፍ ይመስላችኋል? ግማሹን! እናንተ ጣሪያ ያላችሁት ላይ ወጥቶ ነው ግማሽ ዕድሜውን የሚኖረው።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ የአንድ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለዕቃው አስተካክሎ የሚሰጠው ክፍል) ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ ሲቀይር እስከ 250 ቮልት የሚችል አገኘና በየደው። «ጋሼ፣ መስመሩ 220 አይደል እንዴ? 30 ቮልት ትርፍ አለው እኮ» አለኝ በኋላ። በኋላ ስል ካፓሲተሩ ከፈነዳ በኋላ ነው። ዳዮዶቹ የሚመላለሰውን ኤሲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ዲሲ ሲለውጡት ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ጫፉ ድረስ ነው፤ ወደ 310 ቮልት። ለዚህ ቦታ ባለ 400 ግዙ። ባለ 350 በርካሽ አገኘሁ የሚል አይጠፋም፤ መስመሩ 10 በመቶ ከፍ ቢል ጫፉ 342 መሆኑን አስልቶ ይግዛ።

«እሺ፣ 220 አማካዩ ነዋ!» ይሉኛል ደግሞ። ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ስለሆነ የሙሉ ዙሩ አማካይ ዜሮ ነው። አቅጣጫውን ትተን መጠኑን ብቻ ብንይዝ እንኳ 198 ገደማ ነው የሚመጣው። በጥምቀት ሌሊት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዳር ያደረ ሰው ይህ አይጠፋውም። እጁን ሲያፋትግ መዳፉ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል፣ የትም አይደርስም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ግን ይሞቃል። 220 የተባለው በዚሁ በሙቀት ተለክቶ ነው፤ 220 ቮልት ዲሲ ምጣድን የሚያግለውን ያህል ስለሚያግል። ለማስላት በየቅጽበቱ ያለውን ቮልት በራሱ ታባዛላችሁ፣ የሁሉንም አማካይ ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ታወጣላችሁ። አርኤምኤስ ይኸው ነው። ጫፉን በ1.414 ማካፈል ለሳይን ሞገድ (እንደ ሶኬታችን ለስልሶ ለሚወጣና ለሚወርድ) ብቻ የሚሠራ አቋራጭ ነው።

«ቮልት ትንሽ ቢወርድ ምጣዱም ትንሽ ነው የሚቀዘቅዘው» የሚሉም አሉ። ኃይል እኮ የቮልቱን ስኩዌር (ቮልቱ በራሱ ሲባዛ) ነው የሚከተለው። 220ው ወደ 180 ሲወርድ ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 2,340 ገደማ ይቀረዋል፤ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣም ብላችሁ ሊጡን ብቻ አትውቀሱ።

 

«ቴስተር አይዋሽም» የሚለው ግን ገንዘብ ያስከፍላል። ርካሹ ቴስተር አርኤምኤስ አይለካም። አቅጣጫውን ትቶ የመጠኑን አማካይ ይለካና በ1.11 አባዝቶ ያሳያችኋል፤ ሞገዱ ሳይን ነው ብሎ ስለሚያምን። የርካሽ ኢንቨርተር (የባትሪን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚለውጥ ዕቃ) ሞገድ ደግሞ ሳይን አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ ነው። 311 ላይ ይቆማል፣ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ በተቃራኒው 311 ላይ ይቆማል።

አንዲት ካፌ ያላት ሴት መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበትን ኢንቨርተር ይዛ መጣች። «173 ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሌላ ባለሙያ ከፍቼ ላስተካክልልሽ ብሎኛል» አለች። እንደዚያ ባለሙያ ባለ ርካሽ ቴስተር ለካሁት፤ እውነትም 173። ትሩ አርኤምኤስ የሚል በተጻፈበት፣ አርኤምኤሱን በትክክል በሚያሰላው የራሴ ቴስተር ስለካው 220። ያ ሰው ቴስተሩ 220 እስኪል ከፍ አድርጎት ቢሆን ኖሮ እውነተኛው ቮልት 280 ደርሶ፣ ጫፉ ደግሞ ወደ 400 ተጠግቶ ፍሪጇ ላይ ይወርድ ነበር። አንድ ብሎን ሳልፈታ መለስኩላት።