የሩሲያ የሕዝብ ዜማዎች በሮማንቲክ ዘመን የፒያኖ ቅንብር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ የሙዚቃ ደራስያን ከገበሬ፣ ከጀልባ ጎታችና ከቀን ሠራተኛ አፍ የተለቀሙ ዜማዎችን ለፒያኖ አቀናብረዋል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ወገን ለኮንሰርት አዳራሽ የተጻፈ፣ የተጫዋቹን ጣት የሚፈትን ድርሰት ነው። ሌላው ወገን ሁለት ሰዎች በአንድ ፒያኖ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው በአራት እጅ የሚጫወቱት የቤት ውስጥ ቅንብር ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛው የተማሪ መለማመጃ እየተባለ ሲታለፍ ቆይቷል። እዚህ ሰፊውን ቦታ የያዘው ይኸው የታለፈው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፕራች እስከ ግሊንካ

መነሻው በ1790 የታተመው የልቮቭና የፕራች መድበል ነው። ኒኮላይ ልቮቭ ዘፈኖቹን ሰበሰበ፤ የቦሄሚያ ተወላጁ ኢቫን ፕራች ኖታውን ጽፎ አጃቢ ድምፅ አበጀላቸው። የመጀመሪያው እትም 100፣ በ1806 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ 150 ዘፈኖች ይዟል። መድበሉ ቪየና ደርሶ ቤትሆቨን እጅ ገብቷል። በቪየና የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ራዙሞቭስኪ ላዘዛቸው የገመድ መሣሪያ ኳርቴቶች (ለአራት ተጫዋቾች የተጻፉ ድርሰቶች)፣ ማለትም ለኦፐስ (ለሥራ ቁጥር) 59፣ ቤትሆቨን ሁለት ዜማዎች የወሰደው ከዚሁ ነው።

ፕራች ዘወትር የሚወቀስበት አንድ ነገር አለ። ማረፊያው ላ የምትባለው ድምፅ የሆነች ሚነር፣ ማለትም ሐዘን አዘል ቃና ያለው፣ ዜማ እንውሰድ። ጀርመናዊ ትምህርት የቀሰመ አቀናባሪ ከላ በፊት የምትመጣውን ሶል በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሶል ዲዬዝ ያደርጋታል፤ ያን ጊዜ ዜማው ወደ ማረፊያው ይገፋል። የመንደር ዘፋኝ ግን ሶልን እንዳለች ይተዋታል፤ ዜማውም ሳይቸኩል፣ ሳይገፋ ያርፋል። ፕራች ብዙ ዜማዎችን በሶል ዲዬዝ አለበሳቸው። ጆሮ ይህችን አንዲት ድምፅ መለየት ከለመደ በኋላ የአንድን ቅንብር ወገን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከፕራች በኋላ ያሉት አሥርተ ዓመታት የቫርያሲዮን፣ ማለትም አንድን ዜማ እየለዋወጡ የመደጋገም፣ ዘመን ናቸው። በ1802 ሩሲያ ገብቶ በ1837 ሞስኮ ውስጥ ያረፈው አየርላንዳዊው ጆን ፊልድ በዚሁ መንገድ ጽፏል፤ ተማሪዎቹ አሌክሳንደር ዱቡክና አሌክሳንደር ጉሪልዮቭም ተከትለውታል። ጉሪልዮቭ የአንድ መኳንንት ገባር የነበረ ሙዚቀኛ ልጅ ሲሆን ነፃነቱን ያገኘው በ1831 ነው። በ1849 ያሳተማቸው 47 ዘፈኖች ከከተማ ሳሎን ጠረን ሙሉ በሙሉ ባይላቀቁም ከፕራች ይልቅ ለዘፋኙ ይቀርባሉ። ከውጭ አገር ሰዎች ቬበርና ታልበርግ በእነዚህ ዜማዎች ላይ ቫርያሲዮን ጽፈዋል።

በዚህ ዘመን በጣም የታወቀው ሥራ ግን የሕዝብ ዜማ አይደለም። ፍራንዝ ሊስት በ1842 ሩሲያን ሲጎበኝ ለፒያኖ ያዘጋጀው «ሶሎቬይ»፣ በሌሊት ስለምትዘምር ወፍ የሚያወራው ዘፈን፣ ደራሲው አሌክሳንደር አሊያብዬቭ ነው። አሊያብዬቭ ከቁማር ጠብ በኋላ በነፍስ ግድያ ተከስሶ እስር ቤት ሳለ እንዳቀናበረው ይነገራል። ሊስት ወፏን በቀኝ እጅ ትሪል፣ ማለትም ሁለት ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት በማፈራረቅ፣ በደንብ ያስዘምራታል፤ ዘፈኑ ግን በወፏ ጩኸት ውስጥ አልፎ አልፎ ይጠፋል። ግጥሙ የአንቶን ዴልቪግ ነው፤ ዴልቪግ ደግሞ የፑሽኪን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። ፑሽኪን ራሱ የሰበሰባቸውን የገበሬ ዘፈኖች ለዘፈን ሰብሳቢው ለፒዮትር ኪሬየቭስኪ መድበል አበርክቷል። የቅድመ አያቱን የአብራም ጋኒባልን ሐበሻነት የእኛ ጸሐፊዎች ሲያስተምሩን ኖረዋል፤ ትውልዱን ወደ ዛሬዋ ካሜሩን የሚወስዱ ተመራማሪዎችም አሉ።

ሚካይል ግሊንካ በ1848 «ካማሪንስካያ»ን ለኦርኬስትራ ጻፈ። የፒያኖ ድርሰት ባይሆንም ከእሱ በኋላ የመጡት የፒያኖ አቀናባሪዎች ሁሉ የተማሩት ከዚህ ነው። ሥራው የተገነባበት የጭፈራ ዜማ ሦስት ሜዠር (የምት ክፍል) ብቻ ነው፤ ደጋግሞ ይመጣል። ግሊንካ ዜማውን አይነካካውም፤ የሚለውጠው በስተጀርባው ያለውን ነው፦ መሣሪያውን፣ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች)፣ ከሥር የሚሄደውን ድምፅ። ቻይኮቭስኪ በማስታወሻው የሩሲያ ሲምፎኒ ሁሉ በካማሪንስካያ ውስጥ እንዳለ፣ ዛፉ በፍሬው ውስጥ እንዳለ ያህል አድርጎ ጽፎታል።

ባላኪሬቭና የቮልጋ ዘፈኖች

ሚሊ ባላኪሬቭ በ1860 ከገጣሚው ኒኮላይ ሽቸርቢና ጋር በቮልጋ ወንዝ ተጓዘ። ሽቸርቢና ቃሉን፣ ባላኪሬቭ ዜማውን ጻፈ። ከዚህ ጉዞ የተገኙት 40 ዘፈኖች በፒያኖ አጃቢ ታጅበው በ1866 ታተሙ። የዚህ ታሪክ እውነተኛ ልደት ይህ መድበል ነው ቢባል የሚበዛበት አይመስለኝም።

ባላኪሬቭ ሶልን እንዳለች ተዋት። የሚነሩን ዜማ ወደ ማረፊያው በሚገፉ ኮርዶች አላዋከበም፤ ዘፋኙ ብቻውን በሚሄድበት ቦታ ፒያኖውም ዝም ይላል ወይም አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል። በመጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የወጣው የጀልባ ጎታቾች ዘፈን «ኤይ ኡኽኔም» ጥሩ ምሳሌ ነው። በወንዙ ዳር ገመድ በደረታቸው አስረው ጀልባ የሚስቡ ሰዎች እግራቸው እኩል እንዲያርፍ የሚያዜሙት ነው። ዛሬ በትልልቅ የወንዶች መዘምራን እየተጋነነ የሚቀርበው ዘፈን በባላኪሬቭ ገጽ ላይ ጥቂት ኖታዎች ብቻ ነው። ጥቂት በመሆኑም ይከብዳል።

በ1869 የጻፈው «ኢስላሜይ» ዝናውን ዓለም አቀፍ አደረገው። ኒኮላይ ሩቢንስታይን በዚያው ዓመት ለሕዝብ አቀረበው፤ ፈረንሳዊው ራቬል «ጋስፓር ደ ላ ኑዊ» የተባለውን የፒያኖ ሥራውን ሲጽፍ ከዚህ የከበደ ነገር ለመሥራት እንዳሰበ ተናግሯል። ነገር ግን «ኢስላሜይ» የሩሲያ ዜማ አይደለም፤ ዋናው ጭፈራ ከካውካሰስ የካባርዳ ሕዝብ፣ መካከለኛው ለስላሳ ዜማ ደግሞ የታታር ነው። ፒያኒስቶች ፍጥነታቸውን ሊያሳዩበት ስለሚወዱ የባላኪሬቭ ስም ከዚህ ጋር ብቻ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ለ40ዎቹ ዘፈኖች ተገቢ አልሆነም።

ቻይኮቭስኪ በአራት እጅ

የሸክላ ማጫወቻ ከመፈጠሩ በፊት አንድ ቤተሰብ ሲምፎኒ ማወቅ ከፈለገ በአራት እጅ የተዘጋጀውን ኖታ ገዝቶ እቤቱ ይጫወት ነበር። በ1868 እና በ1869 ቻይኮቭስኪ፣ ያኔ የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ወጣት መምህር፣ 50 የሩሲያ ዘፈኖችን በዚህ መልክ አዘጋጅቶ በዩርጌንሶን ማተሚያ ቤት አሳተመ። ግማሾቹን ከኮንስታንቲን ቪልቡዋ የዘፈን መድበል፣ የቀሩትን አብዛኞቹን ከባላኪሬቭ ወሰደ።

እነዚህ ቅንብሮች በጣም አጭር ናቸው። ብዙዎቹ ከአንድ ገጽ አይዘሉም፤ መግቢያ የላቸውም፤ እንደተጀመሩ ያልቃሉ። ላይኛውን የሚጫወተው ዜማውን ሲይዝ ታችኛውን የሚጫወተው ፔዳሉንና መሠረቱን ይይዛል። ሁለቱም ክርናቸውን ካልሰበሰቡ ይጋጫሉ። ዜማው ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ከሥር አንድ አዲስ ድምፅ ይጨመርና፣ ያ ድምፅ ራሱ ሌላ ዘፋኝ ይመስል ለብቻው መንገድ ይሄዳል። ከአዳራሽ ይልቅ ከፒያኖው ወንበር በደንብ የሚሰማው ይህ ነው፤ አንዱ ተጫዋች የጓደኛውን እጅ እያየ የሚገባበትን ቦታ ይጠብቃል።

47ኛው ዘፈን የተለየ ታሪክ አለው። ቻይኮቭስኪ እህቱ በምትኖርበት በካሜንካ ሳለ በ1869 ከአንድ ሠራተኛ አፍ የሰማውና ራሱ የጻፈው ነው። ቃሉ የቀልድ ነው፦ ቫንያ ድቫን ላይ ተቀምጦ ብርጭቆው ላይ ሮም የሚባለውን መጠጥ ይቀዳል፤ ግማሹ ሳይሞላ ካትያን ጥሩልኝ ብሎ ይልካል። ቻይኮቭስኪ ይህንኑ ዜማ በ1871 የመጀመሪያው ኳርቴቱ ዝግታ ክፍል ውስጥ አስገባው። በ1876 መጨረሻ ሊዮ ቶልስቶይ በኮንሰርቫቶሪው ምሽት ከደራሲው አጠገብ ተቀምጦ ሲሰማው አለቀሰ። ቻይኮቭስኪ ከአሥር ዓመት በኋላ ይህን በማስታወሻው ሲያነሳ፣ በደራሲነቱ እንደዚያ ቀን የተደሰተበት ጊዜ እንዳልነበረ ጽፏል። በዚያ ሁሉ የሮሙ ብርጭቆ ስሙ አልተነሳም።

ካሜንካ ዛሬ በዩክሬን ግዛት ውስጥ ናት። «የሩሲያ ዜማ» የሚለው ስም በዚያ ዘመን ብዙ የዩክሬን ዜማዎችን ጠቅልሎ ይዟል፤ የቬበር ቫርያሲዮን የተመሠረተበት «ውቧ ሚንካ» የኮሳክ ዘፈን ነው፤ የቻይኮቭስኪ አንደኛ የፒያኖ ኮንቸርቶ የመጨረሻ ክፍልም በዩክሬን የፀደይ ዘፈን ይነሳል። በተቃራኒው ሁሉም ሰው የሕዝብ የሚለው «ካሊንካ» በ1860 ኢቫን ላሪዮኖቭ የደረሰው ነው።

የአንድ ዜማ ጉዞ

ጆሮን ለማሠልጠን አንድ ዜማ መርጦ በብዙ እጅ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ለዚህ ከ«ስላቫ» የሚሻል የለም። ቃሉ ክብር ማለት ነው። መጀመሪያ የገና ሰሞን የጥንቆላ ዘፈን ነበር፦ ልጃገረዶች ቀለበታቸውን ሳህን ውስጥ ከትተው በጨርቅ ይሸፍኑና እያዜሙ አንድ በአንድ ያወጣሉ፤ በየትኛው ስንኝ ላይ የማን ቀለበት እንደወጣ ዕድሏን ይናገራል። ፕራች ጻፈው። ቤትሆቨን በኦፐስ 59 ሁለተኛው ኳርቴት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ አሳደደው። ሙሶርግስኪ በ1874 ለመድረክ በበቃው «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ኦፔራ ላይ በዘውድ መጫኛው ሥነ ሥርዓት ለሕዝቡ አዘመረው። ሰርጌይ ራህማኒኖቭ ደግሞ በ1894፣ በ21 ዓመቱ፣ ለአራት እጅ የጻፋቸውን የኦፐስ 11 ስድስት ቁራጮች የዘጋው በዚሁ ዜማ ነው፤ መጨረሻው ላይ አራቱ እጆች እንደ ካቴድራል ደወል ይመታሉ። የልጃገረዶቹ ሳህን ለሁሉም ጠቦባቸዋል፤ ወደ ሳህኑ መጠን ሊቀርብ የሞከረ የለም።

ከዚያ በኋላ

የሕዝብ ዘፈን ተመራማሪው ዩሊ ሜልጉኖቭ በ1879 ገበሬዎች አንድ ዘፈን ሲዘፍኑ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መንገድ እንደሚሄድ በኅትመት አሳየ፤ ዬቭጌኒያ ሊኒዮቫም ከ1897 ጀምሮ ፎኖግራፍ ይዛ በየመንደሩ እየዞረች አረጋገጠችው። ባላኪሬቭ የሩሲያ ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን በ1886 ከሰሜን ያመጧቸውን 30 ዘፈኖች በ1898 ያቀናበረው በዚህ መካከል ነው። በ1900 ታተሙ፤ ከድምፅና ከፒያኖው ቅንብር ጎን ለጎንም ለአራት እጅ አዘጋጅቷቸዋል።